ከገድላት እስከ ሰባት ቤት አገው

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት (እ.ኤ.አ. 1935–2013) የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያን ታሪክ ከገድላት፣ ከዜና መዋዕልና በወንጌል ኅዳግ ላይ ከሰፈሩ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች ያጠኑ ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በ1972 ኦክስፎርድ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ላይ ያተኮረው ይህ ሥራ ይኩኖ አምላክ ከነገሠበት ከ1270 ተነሥቶ እስከ ግራኝ አህመድ ጦርነት ዋዜማ፣ እስከ 1527 ይዘልቃል።

ገድል የሚጻፈው ቅዱሱን ለማመስገን ነው። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የቅዱሱ ገዳም መነኩሴ ሲሆን ብዕር የሚያነሣውም ቅዱሱ ካረፈ ከረዥም ዘመን በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ምሁር ገድልን ተረት ነው ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው ደግሞ ቃል በቃል ይቀበለዋል። ታደሰ ሁለቱንም አላደረጉም። ጸሐፊው ሳያስበው ጣል ያደረገውን ማለትም የአገር ገዢውን ስም፣ የገበሬውን አምልኮ፣ በንጉሥና በመነኮሳት መካከል የተነሣውን ጠብ ለቅመው ከሌሎች ሰነዶች ጋር ያስተያያሉ። ለምስጋና የተጻፈውን ለማስረጃ የማዋል ጥበባቸው ከሥራቸው ሁሉ የላቀው ነው ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ ንጉሥ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) ከአንድ በላይ ሚስት በመያዙ የደብረ አስቦው (የኋላው ደብረ ሊባኖስ) አባ ፊልጶስና ሌሎች መነኮሳት ገሠጹት፤ ተግዘውም ወደ ሩቅ አገር ተሰደዱ። በታደሰ ትረካ ግን ነገሩ በቅጣቱ አያበቃም። ስደተኞቹ በደረሱበት ሁሉ እየሰበኩ ገዳም ስለመሠረቱ፣ የንጉሡ ቁጣ ሳይታሰብ ቤተ ክርስቲያንን አስፋፋ። የመነኩሴው የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርትም ቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን በማለታቸው ለረዥም ጊዜ ከተገለሉ በኋላ፣ ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በጠራው ጉባኤ ሰንበታቸው ተፈቀደላቸው። አንድን የሃይማኖት ክርክር ከመሬት፣ ከሥልጣንና ከአውራጃ ፉክክር ጋር አገናኝቶ ማንበብ ዛሬ የተለመደ ይመስላል፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ያን ልማድ ከመሠረቱት አንዱ እርሳቸው ናቸው። በ1970 ያወጡት የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔቶች ጥናት ደግሞ የአንድ ገዳም የመሪዎች ዝርዝር ምን ያህል ታሪክ እንደሚሸከም ያሳያል።

ገድላት ግን አንድ ጉድለት አላቸው። ገና ያልተጠመቀው ሕዝብ የሚታይባቸው በሰባኪው ዓይን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን በዳይሬክተርነት ሲመሩ የኖሩት ታደሰ፣ ወደኋላ ላይ ፊታቸውን ወደዚያኛው ወገን መለሱ። በ1988 ስለ አገው ባሳተሙት ጥናት ከሰሜን እስከ ጎጃም ተዘርግቶ የኖረው ይህ ሕዝብ ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋር በምን መልክ እንደተዋሐደ መረመሩ። ብሌን በኤርትራ፣ ኽምጣ በዋግ፣ ቅማንት በጎንደር አካባቢ፣ አዊ በጎጃም ተራርቀው መገኘታቸው፣ የዚያ ሰፊ ሕዝብ ቋንቋና ባህል በየቦታው በተለያየ ፍጥነት ለውጥ እንዳገኘው ምስክር ነው። ላስታ ላይ የነገሡት ዛጉዬዎችም ከዚሁ ሕዝብ የወጡ ናቸው።

የጎጃም አገው ራሱን ሰባት ቤት ብሎ ይጠራል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም በትውፊቱ የሰባት ወንድማማቾች ስም ናቸው፤ የየአገሩም መጠሪያ ሆነዋል። ለምሳሌ አዘና ላይ የአባት ስም ከመሬት ስም ጋር አንድ ነው። ይህን መሰል ትውፊት ከጽሑፍ ምንጭ ጎን አስቀምጦ ማየት ደግሞ ገድልን ከማንበብ ብዙም አይርቅም፤ በሁለቱም ሐሳቡ የተጠነሰሰው ባለቤቱ ራሱን ሊያስከብርበት ነው፣ በሁለቱም ውስጥ ግን እውነተኛ መንገድ፣ እውነተኛ ሰፈራ ተቀምጧል።

የአገው ጥናት በወጣበት በ1988 ታደሰ ስለ ጋፋት ሕዝብ ሌላ ጥናት አሳተሙ። የጋፋት ቋንቋ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ሦስተኛው ጥናት ከደጋው ቁልቁል ወርዶ በጎጃምና በወለጋ ቆላ የሚኖሩት ጉሙዞች ከደገኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ይከተላል።