ጋሞ ዞን

ጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በስምጥ ሸለቆው ወለልና በስተምዕራብ በሚነሡት ደጋዎች ላይ የተዘረጋ አስተዳደር ነው፤ መቀመጫው አርባ ምንጭ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ሲከፈል ተቋቋመ።

አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛትን መቀመጫነት ከደጋማዋ ጨንቻ ተረከበች። ስሟ ከከተማዋ በታች በጫካው ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች የመጣ ሲሆን፣ «አርባ» የሚለው ከቆጠራ ይልቅ ብዛትን ይናገራል። አባያና ጫሞ ሐይቆችን የሚለያየው ከፍታ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል፤ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ቆላው ሙዝና ማንጎ ያበቅላል። የጉጌ ተራሮች ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሱበት ደጋ ግን የእንሰት፣ የገብስና የፖም ምድር ነው።

ጋሞዎች ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱን ይናገራሉ፤ ዘይሴና ጊዲቾም በአካባቢው የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የአካባቢ ጉዳይና ዕርቅ የሚታየው «ዱቡሻ» በተባለው የሸንጎ አደባባይ ነው። ዶርዜዎች በሽመናና ከቀርከሃ በሚሠሩት ረጅም ቤት ይታወቃሉ፤ ምስጥ የቤቱን ሥር ሲበላው የተጎዳው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ለዓመታትም ያገለግላል። በደጋው ከሚገኘው ሞጣ ዋሻ የወጣው የ4500 ዓመት ዐፅም የዘረመል ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።