የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር

የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር (በተለምዶ አይዶል) ገና ያልታወቁ ድምፃውያን በዳኞችና በተመልካች ፊት እየዘፈኑ በየዙሩ እየተጣሩ የሚያልፉበት የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። በኢትዮጵያ ከታወቁት መካከል የኢትዮጵያ አይዶል፣ ባላገሩ አይዶል እና ፋና ላምሮት ይገኙበታል። ሽልማቱን የሚወስዱት ጥቂቶች ናቸው። ለብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ትልቁ ጥቅም ድምፃቸው በአገር ደረጃ መሰማቱ ነው።

የስሙ አመጣጥ

«አይዶል» የሚለው ስም የመጣው ሳይመን ፉለር ከፈጠረው «ፖፕ አይዶል» ከተባለው የብሪታንያ ውድድር ነው። ይህ ውድድር መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት «አሜሪካን አይዶል» ተከተለው። የአሜሪካው የመጀመሪያ አሸናፊ ኬሊ ክላርክሰን ናት። ቃሉ ወደ አማርኛ ከገባ በኋላ የማንኛውም የድምፅ ውድድር መጠሪያ ሆኗል።

ከቴሌቪዥን ውድድር በፊት

አዲስ ድምፃዊ የሚገኝባቸው መንገዶች በኢትዮጵያ ቀድሞም ነበሩ። አዝማሪ ሙያውን የሚማረው ከቤተሰቡ ሲሆን፣ ስም የሚያወጣውም በሠርግና በድግስ ላይ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር (በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር) እና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ብዙ ድምፃውያንን አፍርተዋል። ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ ተማሪ ሳለ፣ ዝግጅት ለማቅረብ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመጡ የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች ጋር ተገናኘ። በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ተዛወረ። በደርግ ዘመን ደግሞ በየቀበሌውና በየከፍተኛው የተቋቋሙ የኪነት ቡድኖች ለወጣቶች መድረክ ሆነው አገልግለዋል።

በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ዘፋኙን የሚመርጡት ጥቂት ባለሙያዎች ወይም በአካባቢው ያሉ አድማጮች ነበሩ። የቴሌቪዥን ውድድር ያመጣው ለውጥ ምርጫው ራሱ በአደባባይ እንዲታይ ማድረጉ ነው።

አካሄድ

ውድድሩ የሚጀምረው በመለያ ዙር ነው። ተወዳዳሪው አጭር ዘፈን፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ ለዳኞች ያቀርባል። ዳኞቹ ድምፁ ከቅኝቱ መውጣት አለመውጣቱን፣ ምት መጠበቁን፣ የቃላት አወጣጡንና የመድረክ አያያዙን ይመዝናሉ። ያለፉት በቀጣዮቹ ዙሮች በባንድ ታጅበው ይዘፍናሉ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች በአንዳንድ ውድድሮች የተመልካች ድምፅ በአጭር የስልክ መልእክት ተሰብስቦ ከዳኞች ነጥብ ጋር ይደመራል።

የዳኞች አስተያየት ለተመልካችም ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ አይዶል ከዳኙት አንዱ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉትን ቅኝቶች በስም ብቻ የሚያውቅ ተመልካች፣ አንድ ዘፋኝ ከቅኝት ሲወጣና ሲመለስ በጆሮው መለየት ይለምዳል።

ዕድሉና ገደቡ

ውድድሩ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም የመድረሻው ዋጋ ለሁሉም እኩል አይደለም። ለምሳሌ የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነው። መለያው በአዲስ አበባ ብቻ ከተደረገ የአንኮበር ወጣት ለጥቂት ደቂቃ ዘፈን የመጓጓዣና የማደሪያ ገንዘብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ አዘጋጆች ወደ ክልል ከተሞች ሄደው መለያ ማድረጋቸው በውጤቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በመልእክት የሚሰጥ ድምፅም መብራት፣ ኔትወርክና የስልክ ሂሳብ ያለውን ተመልካች ያበዛል።

ሁለተኛው ገደብ የዘፈኑ ባለቤትነት ነው። ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚዘፍኑት የታወቁ ድምፃውያንን ሥራ ነው። ይህ የድምፅን ችሎታ ለማወዳደር ይመቻል፤ ነገር ግን ውድድሩ ሲያልቅ ዘፋኙ የራሱ ሥራ ሳይኖረው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪና ለስቱዲዮ የሚከፍል አካል ያስፈልገዋል። ብዙ ተወዳዳሪዎች ከመድረክ የሚጠፉት በዚህ ጊዜ ነው።

ከውድድሩ በኋላ

በአብርሃም ወልዴ የተመሠረተው ባላገሩ አይዶል የመጀመሪያ አሸናፊ ዳዊት ጽጌ ነው። ዳዊት ካሸነፈ ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 «የኔ ዜማ» የተባለ አልበሙን አውጥቷል።

ከአገር ውጭም ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚህ መንገድ ታውቀዋል። በእስራኤል ሃጊት ያሶ እ.ኤ.አ. በ2011 «ኮኻቭ ኖላድ» የተባለውን ውድድር አሸንፋለች። ኤደን አለነ እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤልን «ኤክስ ፋክተር» ካሸነፈች በኋላ በ2021 አገሪቱን ወክላ በዩሮቪዥን ቀርባ 17ኛ ወጥታለች። ለተሰረዘው የ2020 ዩሮቪዥን የተመረጠው ዘፈኗ የአማርኛ ቃላት ነበሩበት።

አለማሸነፍ ሁልጊዜ መጨረሻ አይደለም። ጄኒፈር ሃድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካን አይዶል 7ኛ ሆና ብትወጣም፣ በ2007 «ድሪምገርልስ» በተባለው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝታለች።