የቅዳሜው ትምህርት ቤት፦ ከኮሌጅ በፊት የሚሰጥ የሙዚቃ ሥልጠና አጭር ታሪክ

ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባ ተማሪ ባዮሎጂ የሚባል ነገር መኖሩን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አይሰማም። ኢንጂነሪንግ የሚመደበውም አሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሲሠራ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሙዚቃ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በአብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፒያኖም ቫዮሊንም የለም። ጆሮውም ፍላጎቱም ያለው ልጅ መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ብዙ ጊዜ ለሙያው ትምህርት ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ጣት ደግሞ እንደ ጭንቅላት አይደለም፤ ያመለጠውን አሥር ዓመት በአንድ ሴሚስተር ንባብ አካክሶ ልድረስ ቢል አይሆንለትም።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም መፍትሔ የተፈለገለት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ልጁን ከተራው ትምህርት ቤት አውጥቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሙዚቃውንም ቀለሙንም በአንድ ግቢ ማስተማር ነው። በ1930ዎቹ ከሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ጋር ተያይዞ የተቋቋመው ማዕከላዊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ልጁን ከሰኞ እስከ ዓርብ በትምህርት ቤቱ ትቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሙዚቃ ኮሌጁ ማስመጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከኒውዮርክ እንጀምር። በ1905 ፍራንክ ዳምሮሽ የሚባል ሙዚቀኛ የሙዚቃ ጥበብ ኢንስቲትዩት የተሰኘ ትምህርት ቤት በከተማዋ ከፈተ። ዳምሮሽ የኒውዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሙዚቃ ትምህርት ሲመራ የቆየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት የፈለገ አሜሪካዊ መርከብ ተሳፍሮ ወደ አውሮፓ መሄድ ነበረበት፤ የዳምሮሽ ሐሳብ ይህን ማስቀረት ነበር። አንድ መቶ ያህል ተማሪ ጠብቆ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ግን 467 ሆኑ። ይኸው ኢንስቲትዩት በ1926 በጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው በአውግስተስ ጁልያርድ የኑዛዜ ገንዘብ ከተቋቋመው ትምህርት ቤት ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ጁልያርድ የምንለው ከዚህ የወጣ ነው።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ዓመት 1916 ነው። ኢንስቲትዩቱ ገና ለአቅመ ኮሌጅ ላልደረሱ ልጆች የመሰናዶ ማዕከሎች ያቋቋመው ያኔ ነበር። ሥራ የጀመረ በ11 ዓመቱ መሆኑ ነው። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ጥሩ ተማሪ እንዲመጣልህ ከፈለግህ በር ላይ ቆመህ አትጠብቀውም፣ ወርደህ ታሳድገዋለህ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1917፣ ጃኔት ሼንክ የተባለች ፒያኒስት በዚያው ከተማ፣ ስደተኞች በብዛት በሚኖሩበት በምሥራቅ ሃርለም፣ የሠፈር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተች። ይህ የሠፈር ትምህርት ቤት ኋላ አድጎ የማንሃተን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆነ። እሱም እስከ ዛሬ የራሱ የቅዳሜ ቅድመ ኮሌጅ አለው።

1969 ሁለቱን ትምህርት ቤቶች በአንድ ሕንፃ ያገናኘ ዓመት ነው። ጁልያርድ ክሌርሞንት ጎዳና ላይ የነበረውን ቤቱን ለቆ ወደ ሊንከን ሴንተር ሲገባ፣ የለቀቀውን ሕንፃ ማንሃተን ተረከበው። የጁልያርድ የመሰናዶ ክፍልም በዚያው ዓመት ቅድመ ኮሌጅ ተብሎ እንደ አዲስ ተቋቋመ።

ቅዳሜ ለምን? የቀለም ትምህርቱ አምስቱን ቀን ይዞታል። ልጁ ከትምህርት ቤቱም ከቤተሰቡም ሳይለይ የሚገኝበት ሙሉ ቀን ቅዳሜ ነው። ለኮሌጁም ቢሆን ሌላ ሕንፃ መሥራት አያስፈልገውም፤ ፒያኖው አለ፣ አዳራሹ አለ፣ መምህሩ አለ።

ታዲያ በቅዳሜ አንድ ቀን ምን ይሠራል? በጁልያርድ ትምህርቱ ከመስከረም እስከ ግንቦት ነው። ተማሪው ከመሣሪያው መምህር ጋር ለብቻው ይቀመጣል፤ ሶልፌጅ፣ ማለትም ኖታ እያዩ በድምፅ ማዜምን፣ ይማራል፤ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ይማራል። ባለ ክሩም ባለ ትንፋሹም ባለ ምቱም ኦርኬስትራ ውስጥ ገብቶ ይጫወታል። መምህር ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ ኦርኬስትራ ግን ቤት አይመጣም። በሠፈሩ ብቸኛ ቫዮሊኒስት የነበረ ልጅ ቅዳሜ ከእሱ የሚበልጡ ሃያ ቫዮሊኒስቶች መሃል ይቀመጣል። ትልቁ ትምህርት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ የግድ ሙዚቀኛ ይሆናል ማለትም አይደለም። ቼሊስቱ ዮ ዮ ማ በልጅነቱ በጁልያርድ ከሌናርድ ሮዝ ዘንድ ተምሯል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ግን ሃርቫርድ ገብቶ በ1976 ተመረቀ። የቅዳሜው መንገድ ሌላውን በር አይዘጋም። ለኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ልጄ ትምህርቱን ትቶ አዝማሪ ሊሆን ነው» የሚለውን ሥጋት እኮ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ለንደን ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የሮያል ሙዚቃ ኮሌጅ የታዳጊዎች ክፍል በ1926 ተከፈተ። ሮያል አካዳሚም የራሱ የቅዳሜ ትምህርት ቤት አለው። ሼኩ ካነህ ሜሰን የተባለው ቼሊስት ልጅ ሆኖ በየቅዳሜው ከኖቲንግሃም ለንደን ድረስ እየተመላለሰ የተማረው እዚያ ነው፤ የአንድ ጉዞው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ2016 የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኞች ውድድር አሸነፈ፤ ውድድሩ በ1978 ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ጥቁር አሸናፊ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በየቅዳሜው 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ስንት ልጅ ነው? የመግቢያ ፈተናውን የሚያልፈው ቀድሞ መምህር የተቀጠረለት፣ ጥሩ መሣሪያ የተገዛለት፣ የሚያመላልሰው ወላጅ ያለው ልጅ ነው። ስለዚህ ተሰጥኦ የሚለካ የሚመስለው ፈተና ሳይታወቅ ኪስም ይለካል። ጁልያርድ ራሱ በ1991 በክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ እምብዛም ካልታዩ ማኅበረሰቦች ለሚመጡ ልጆች ሌላ የቅዳሜ ፕሮግራም መክፈቱ፣ ዋናው በር ለሁሉም እኩል እንዳልተከፈተ የሚያሳይ ነው። ቅድመ ኮሌጅ ሲጀመርም እነዚህ ልጆች ቢታሰቡ ኖሮ ጥገናው ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ በልጅነት መጀመር ለኛ እንግዳ አይደለም። ጾመ ድጓና ድጓ የሚማር የቆሎ ተማሪ ገና በልጅነቱ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ ዓመታት የሚወስድ ትምህርት መሆኑን አገር ያውቃል። ዛሬም በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በሳምንቱ መጨረሻ መዝሙርና ከበሮ የሚለማመደው ሕፃን ብዙ ነው። የጎደለን ለዘመናዊው መሣሪያ የሚሆን ተመሳሳይ መሰላል ነው።

መሰላሉ በሌለበት ዕድል ይወስናል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቫዮሊን የጀመሩት በልጅነታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተልከው ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በልጅነቱ ክራር ይዞ ቆየ፤ ፒያኖ የጀመረው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሮ በዓለም መድረኮች ተጫወተ። በ16 ጀምሮ እዚህ የደረሰ ሰው በ8 ቢጀምር ኖሮስ? ክራሩን ይዞ የቀረውስ ስንቱ ነው?

ለማኅበራችን የሚተርፈው እዚህ ጋ ነው። ከ1916 ጀምሮ ያለው ታሪክ የሚነግረን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ከአዲስ ሕንፃ እንደማይጀምር ነው። የሚፈልገው በቅዳሜ የሚከፈት ክፍል፣ ለማስተማር ፈቃደኛ የሆነ ምሩቅ፣ በውሰት የሚሰጥ መሣሪያና የታክሲ ሒሳብ ነው። የመጨረሻውን እንዳንንቀው፤ ከአቃቂ ወይም ከኮተቤ የሚመጣውን ልጅ የሚያስቀረው እሱ ነው። መምረጫውም ልጁ እስካሁን የተማረውን ብቻ ሳይሆን ጆሮውን የሚለካ ይሁን። እንዲህ ያለ ሥራ በተጀመረበት እናጠንክረው፣ ባልተጀመረበት እንጀምረው። ከመካከላችን በቤቱ ጥግ አቧራ የለበሰ ጊታር ወይም ኪቦርድ ያለው ሰው አይጠፋም፤ የመጀመሪያው መዋጮ ከዚያ ሊሆን ይችላል።