የቤሪቤሪ በሽታ ዋና ምክንያት እንዴት እንደ ተለየ

በማናቸውም የሳይንስ ምርምር አንድ ውጤት በታየበት ስፍራ ብዙ ነገሮች አብረው ይገኛሉ። ሰው በታመመበት ቦታ አየሩም፥ ውሃውም፥ ቤቱም፥ ምግቡም፥ ሥራውም አለ። መርማሪው የሚፈለግበት እነዚህን ሁሉ ቈጥሮ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ቢለዋወጥ ውጤቱ ሳይለወጥ የሚቀርበትን፥ እርሱ ሲለወጥ ግን ውጤቱ አብሮት የሚለወጠውን አንዱን ነገር ለይቶ ማውጣት ነው። ይህ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱም የስንት ሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ለማሳየት የቤሪቤሪን በሽታ ታሪክ መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቤሪቤሪ ሩዝ ዋና ምግባቸው በሆነ በእስያ አገሮች ከጥንት ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው። በሽተኛው በመጀመሪያ እግሩ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ መራመድ ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ሊያብጥ ይችላል፤ በመጨረሻም ልቡ ይደክምና ይሞታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በሽታው እየበረታ የሄደው በወታደር ሰፈር፥ በመርከብ፥ በእስር ቤትና በሠራተኞች ካምፕ ነበረ። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሁሉ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበትን ስፍራ መጠርጠራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ሩዝ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሩዝ ፍሬ ከውጭ ገለባ አለው፤ ከገለባው በታች ደግሞ ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ስስ ቆዳ አለ። በእኛ አገር ሴቶች ገብስ በሙቀጫ እንደሚፈትጉ ሁሉ የእስያ ገበሬም ሩዙን በእንጨት ሙቀጫ ይወቅጠዋል፤ በዚህ ዓይነት ሲወቀጥ ገለባው ይለቃል እንጂ ቆዳው ሁሉ አይነሣም። በእንፋሎት የሚሠራው ወፍጮ ከመጣ በኋላ ግን ቆዳው ፈጽሞ ይገፈፍ ጀመረ። ነጩ ሩዝ ለዓይን ያምራል፥ በመጋዘን ሲቀመጥም ቶሎ አይሻግትም፤ ስለዚህ የመንግሥት ግምጃ ቤቶች ለወታደሩና ለእስረኛው የሚገዙት እርሱን ነበረ። (ጤፍ ከማነሡ የተነሣ ቆዳውን ገፍፎ መፍጨት ስለማይመች ከነቆዳው የሚፈጭ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል።)

በሽታውን ከምግብ ጋር አያይዞ በትልቅ ሙከራ ያሳየው የጃፓን ባሕር ኃይል ሐኪም ታካኪ ካኔሂሮ ነው። ታካኪ ከ1875 እስከ 1880 በሎንዶን ሕክምና ተምሮ ሲመለስ መርከበኞቹ በቤሪቤሪ ሲያልቁ አገኘ። መኰንኖቹ ግን እምብዛም አይታመሙም ነበረ። ምግባቸውን ሲመረምር ተራው መርከበኛ ለምግብ የሚሰጠውን ገንዘብ እያስቀረ ከሩዝ በቀር ሌላ ነገር ብዙ እንደማይበላ ተረዳ። በ1883 ሪዩጆ የተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ ከረጅም ጉዞ ስትመለስ ከ376 ሰዎች 169 ታመው 25 ሞተውባት ነበር። ታካኪ በሚቀጥለው ዓመት ትሱኩባ የተባለች ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ እንድትሄድ፥ ምግቡ ግን እንዲለወጥ፥ ሩዙ ቀንሶ ሥጋ፥ ዳቦና ሌላም እንዲጨመርበት አስፈቀደ። መርከቢቱ ስትመለስ የታመሙት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ በቤሪቤሪ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ከ1885 ጀምሮ ባሕር ኃይሉ ገብስ ከሩዝ ጋር እየቀላቀለ ማብላት ያዘና በሽታው ከመርከቦቹ ጠፋ ለማለት ይቻላል።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ማለቅ የነበረበት ይመስላል። ነገር ግን ታካኪ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ለወጠ። ሩዙ ቀነሰ፥ ሥጋው በዛ፥ ዳቦው ገባ፤ ከእነዚህ ማናቸው ሕይወት እንዳዳነ ሙከራው ብቻውን አይናገርም። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለዐሥር ቀን ያደረጉትን ፈተና የሚያስታውስ ነው። በዚያም የንጉሡ ምግብና ወይን ጠጅ ሁለቱም በአንድነት ቀርተው በምትካቸው ጥራጥሬና ውሃ ተሰጠ። ለሃይማኖት ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ የሥጋ ሐኪም ግን ከሁለቱ ማናቸው እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ታካኪ ራሱ የበሽታው ምክንያት የናይትሮጂን፥ ማለት የሥጋና የእንቍላል ዓይነት ምግብ ማነስ ነው ብሎ አመነ። መድኃኒቱ ትክክል ነበረ፤ ለምክንያቱ የሰጠው ስም ግን አልነበረም።

ይህ ስሕተት ለተቃዋሚዎቹ መንገድ ከፈተ። የምድር ጦሩ ሐኪሞች በጀርመን ትምህርት የተማሩ፥ ለማናቸውም በሽታ ሚክሮብ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በድርሰቱም ዝነኛ የሆነው ሞሪ ኦጋይ ነው። በ1889 በጦሩ የሕክምና ትምህርት ቤት የሩዝ ምግብና የአውሮፓ ምግብ ተመዝነው፥ በሰውነት ውስጥ ያለው የናይትሮጂን ሒሳብ ተሠርቶ ሩዙ በልጦ ተገኘ። ሙከራው በጥንቃቄ የተደረገ ነበር፤ የታካኪንም የናይትሮጂን አሳብ በእርግጥ አፈረሰ። ነገር ግን የተመዘነው በሽታውን የሚያመጣው ነገር አልነበረም። በ1904 እና በ1905 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት የጃፓን ምድር ጦር ነጭ ሩዝ እየበላ ዘመተ፤ ሩብ ሚሊዮን ያህል ወታደር በቤሪቤሪ ታመመ፥ 27,000 ያህልም ሞተ። በጦሩ ሁሉ ገብስ እንዲቀላቀል የታዘዘው በመጋቢት 1905 ነው። በኦሳካ የነበረው የጦር ክፍል ግን፥ ገብስ የሚበሉ እስረኞች እንደማይታመሙ አይቶ፥ ከሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ ጀምሮ ነበረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በሞሪ ላይ ይጥላሉ። እኔ ግን የታካኪን ማስረጃ ሳይቀበል የመጠየቅ መብት ነበረው እላለሁ፤ የማልቀበለው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ገብሱን መከልከሉን ነው። የምክንያቱን ስም ሳናውቅ በፍሬው መጠቀም እንችላለንና።

አሁን ወደ ሆላንዶች ቅኝ አገር ወደ ጃቫ እንለፍ። በ1886 የሆላንድ መንግሥት ፔከልሃሪንግና ቪንክለር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ቤሪቤሪን እንዲመረምሩ ወደ ባታቪያ፥ ዛሬ ጃካርታ ወደምትባለው ከተማ ላከ። ክርስቲያን ኤይክማን የተባለው ወጣት የጦር ሐኪም ረዳታቸው ሆነ። ሁለቱ ሚክሮብ አገኘን ብለው ሲመለሱ ኤይክማን ከ1888 ጀምሮ በወታደሩ ሆስፒታል ውስጥ የተቋቋመውን ትንሽ ላቦራቶሪ ይመራ ጀመረ። በርሊን በኮህ ዘንድ የሠራ ሰው ስለ ነበረ እርሱም የሚፈልገው ሚክሮብ ነው። ስለዚህ ከበሽተኞች ደም እየወሰደ ዶሮዎችን ይወጋ ነበር።

በ1889 ክረምት ዶሮዎቹ በእግራቸው መቆም አቃታቸው። የተወጉትም ያልተወጉትም ታመሙ፤ ተለይተው የተቀመጡትም አልዳኑም። ኤይክማን ሚክሮቡ ግቢውን ሁሉ በክሎታል ብሎ አሰበ። በኅዳር መጨረሻ ግን በሽታው በድንገት ቆመ፥ የታመሙትም ዳኑ። ምን ተለወጠ ብሎ ሲጠይቅ የላቦራቶሪው አገልጋይ ገንዘብ ለመቈጠብ ከሰኔ ጀምሮ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈውን የበሰለ ነጭ ሩዝ ለዶሮዎቹ ሲሰጥ እንደ ነበረ ተገለጠ። በኅዳር አዲስ ወጥ ሠሪ መጣና የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹም ወደ ተራው ጥሬ ሩዝ ተመለሱ። አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የወጥ ሠሪው እምቢታ ታካኪ ያላደረገውን አደረገ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ መኖውን ብቻ ለወጠ። ኤይክማን ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ይህንኑ አውቆ ደጋገመው፤ የተፈተገ ሩዝ ሲሰጥ ዶሮው ይታመማል፥ ቆዳው ያልተነሣ ሩዝ ወይም የተነሣው ቆዳ ሲሰጥ ይድናል።

ዶሮ ግን ሰው አይደለም፤ ተቺዎቹም ይህንኑ አሉ። መልሱን የሰጠው የጃቫ የሲቪል ሕክምና ተቈጣጣሪ የነበረው አዶልፍ ፎርደርማን ነው። ይህ ሰው በመጻሕፍት ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ዋናውን ምክንያት ከሌሎቹ በመለየት ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የእርሱ ነው። በጃቫና በማዱራ እስር ቤቶች እንደየአውራጃው ልማድ ልዩ ልዩ ሩዝ ይበላ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ሆን ብሎ ሳይጀምረው ትልቅ ሙከራ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው የሚቈጥር ሰው ብቻ ነበረ።

ፎርደርማን በ1895 እና በ1896 መቶ አንድ እስር ቤቶችን መረመረ፤ በውስጣቸው የነበሩት እስረኞች ወደ 280,000 ይደርሱ ነበር። በሰው ቃል ብቻ ሳይተማመን ከየእስር ቤቱ የሩዝ ናሙና ወስዶ አየ። ቆዳው ያልተነሣ ሩዝ ከሚበላባቸው 37 እስር ቤቶች ቤሪቤሪ የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉባቸው 13 በ6ቱ፥ የተፈተገ ሩዝ ከሚበላባቸው 51 ደግሞ በ36ቱ ተገኘ። በሰው ሲቈጠር ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ከ10,000 እስረኞች አንድ፥ በድብልቆቹ ከ416 አንድ፥ በመጨረሻዎቹ ከ39 አንድ ታመመ። ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን ሌላ ነው። ተቺዎች የሚያነሡትን አስቀድሞ አስቦ የእስር ቤቱን ዕድሜ፥ ወለሉ ከምን እንደ ተሠራ፥ አየር መግባት አለመግባቱን፥ የእስረኛውን መጨናነቅ፥ የቦታውንም ከፍታ መዘገበ። በእነዚህ እየከፈለ ሲያነጻጽር ልዩነት አልታየም። አሮጌውም ቤት አዲሱም ቤት፥ የተጨናነቀውም ያልተጨናነቀውም በሩዙ ዓይነት ይለያል እንጂ በሌላው አይለይም።

እንግዲህ የሚወስነው ነገር ሩዙ መሆኑ ተለየ። ይሁንና ኤይክማን ምክንያቱን ሲተረጕም እንደ ታካኪ ሌላ ስሕተት ላይ ወደቀ። በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ አለ፥ ቆዳው ደግሞ የመርዙ ማርከሻ ነው አለ። በዚያ ዘመን በሽታ ማለት ወደ ሰውነት የገባ ክፉ ነገር ማለት ነበረና፥ የአንድ ነገር አለመኖር ብቻውን ሊገድል ይችላል ብሎ ለማሰብ አእምሮ የተዘጋጀ አልነበረም። ኤይክማን በ1896 ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራውን የተረከበው ጌሪት ግሬይንስ ግን ዶሮዎችን በኃይለኛ ሙቀት የተቀቀለ ሥጋ ብቻ አበላቸው። ሩዝ በአፋቸው ሳይገባ ታመሙ፤ እንግዲህ የሩዝ መርዝ ከወዴት ይምጣ? በአንድ ዓይነት አነስተኛ አረንጓዴ ባቄላ ደግሞ ዳኑ። ግሬይንስ በ1901 በሩዝ ቆዳና በባቄላው ውስጥ ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ፥ በሙቀት የሚጠፋ አንድ ነገር አለ፥ በሽታውም የዚያ ነገር ጕድለት ነው ሲል ጻፈ። የታየው ነገር የኤይክማን ራሱ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

በ1905 ዊልያም ፍሌቸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኳላ ሉምፑር የአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ ነገሩን በሰው ላይ ፈተነ። በሽተኞቹን በመስመር አቁሞ ቈጠራቸውና ጎዶሎ ቍጥር የደረሳቸውን በአንድ ክፍል፥ ሙሉ ቍጥር የደረሳቸውን በሌላ ክፍል አስቀመጠ። ለአንዱ ወገን የተፈተገ ሩዝ፥ ለሁለተኛው ከነገለባው ተቀቅሎ የደረቀ የሕንድ ሩዝ ሰጠ፤ ሩዝ በዚህ ዓይነት ሲቀቀል የቆዳው ጥቅም ወደ ፍሬው ይገባልና። የተፈተገውን ከበሉት 18 በቤሪቤሪ ሲሞቱ ከሌላው ወገን አንድም አልሞተም። ዛሬ ማንም የሕክምና ጉባኤ ይህን እንደማይፈቅድ ግልጽ ነው፤ 18ቱ ሰዎችም ሳይንስ እንዲያድግ ፈቅደው የሞቱ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው የኬሚስቶች ታሪክ ነው። በ1912 ካዚሚር ፉንክ ለዚህ ዓይነት ነገር የቪታሚንን ስም አወጣ። በ1926 ያንሰንና ዶናት በዚያው በባታቪያ ላቦራቶሪ ከ300 ኪሎ ግራም የሩዝ አሰር 100 ሚሊግራም ያህል ንጹሕ ቅንጣት አወጡ፤ በ1936 አሜሪካዊው ሮበርት ዊልያምስ በላቦራቶሪ ሠራው። ኤይክማን በ1929 ከእንግሊዛዊው ሆፕኪንስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ግሬይንስ አልተካፈለም።

በጃፓን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ፥ በ1908፥ የቤሪቤሪን ምክንያት የሚመረምር የመንግሥት ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውም ሊቀ መንበር ሞሪ ሆነ። ኮሚሲዮኑ መልእክተኞች ወደ ባታቪያ ልኮ ነበር። ታካኪ በ1920፥ ሞሪም በ1922 ሞቱ፤ ኮሚሲዮኑ ሥራውን ዘግቶ የተበተነው ግን በ1924 ነው።