የቀበሌው መዝገብ በማን እጅ ነበር?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ኔትወርክ ያላችሁ ሰዓት አንብቡት።

ካኩማ ውስጥ ሰሞኑን የሰው ሁሉ ወሬ ሙኒሲፓሊቲ ነው። የቱርካና ካውንቲ ለካኩማና ለካሎቤዬ የሙኒሲፓሊቲ ደረጃ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. ማርች 2025 ፕሬዚዳንት ሩቶ ይፋ ያደረጉት የሺሪካ ዕቅድም ካምፖቹን ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ከተማ ለመለወጥ ያለመ ነው። አንዱ «መብራት ሊገባልን ነው» ይላል። ሌላው «ግብር ሊጥሉብን ነው» ይላል። ከተማሪዎቼ አንዱ ደግሞ «መምህር፣ ሙኒሲፓሊቲ ማለት ቀበሌ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ቀበሌ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ከእናቱ ወሬ ብቻ ነው።

አይደለም አልኩት። ነገር ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ጥያቄው አልለቀቀኝም። እኛ ኢትዮጵያውያን በትንሽ ከተማ ኮሚቴ መተዳደር ምን እንደሚመስል ከጎረቤቶቻችን ሁሉ በላይ እናውቀዋለን። ቀበሌ ሲባል ግማሻችን የስኳር ኩፖን ትዝ ይለዋል፣ ግማሻችን እስር ቤት። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከአንድ ግቢ ነው የወጡት። እንዴት ከአንድ ግቢ ሊወጡ እንደቻሉ ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

ከቀበሌ በፊት ማዘጋጃ ቤት ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን ለብቻ፣ ሌሎቹን ትንንሽ ከተሞች ለብቻ መድቦ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ፈቀደ። ወንበሩ ግን በአንድ በኩል ከመሥሪያ ቤት ለሚላኩ ሹማምንት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቤትና ቦታ ላላቸው ነዋሪዎች ነበር። ተከራይ፣ ጠላ ሻጭ፣ ተሸካሚ፣ የቤት ሠራተኛ እዚያ ውስጥ አልተቆጠረም። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ደግሞ ይኸው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ይቀይሳል፣ የገበያ ቀረጥ ይሰበስባል፣ ቄራ ይጠብቃል፤ ተከራዩ ጣሪያው ሲያፈስበት አቤት የሚለው ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የምክር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ድሃው በራሱ የተዳደረው በእድር ነው። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል፣ የገባውና የወጣው ይነገራል፣ ያልከፈለ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ከበላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሚስቱ ገበያ መውጣት ያፍራታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተባለ። ይህን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቤቱ የተወረሰበትም ተወርሶ የተሰጠውም በመካከላችን አለ፤ እሱን አልከፍተውም። ብዙ የማይወራለት የአዋጁ ሌላ ክፍል ነው። የከተማ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማሉ ይላል። ቀበሌ የተወለደው ከዚህ ነው።

ሥራው ተራ ሥራ ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራይ ቤት ኪራዩ ለቀበሌው ይገባል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለመንግሥት። የኪራዩ ልክም ወረደ፣ የድሃው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ቀበሌው በሰበሰበው ገንዘብ ርካሽ ቤት ይሠራል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጠግናል፣ ከመንግሥት ጋር ሆኖ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቁማል። የቤትና የቦታ ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ጠበቃ የለም፣ ቴምብር የለም፤ ዳኞቹ አጥሩን በዓይናቸው የሚያውቁት የሰፈር ሰዎች ናቸው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በአንዲት ትንሽ የወሎ ከተማ በመጀመሪያው ዓመት የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ ስለሚችል ብቻ ነው የተመረጠው። ጋሼ ሲያወራልን ስለ አብዮት አያወራም፤ ስለ መዝገቡ ነው። ሽፋኑ ጥቁር፣ ገጹ በእርሳስ የተሰመረ፦ የቤት ቁጥር፣ የተከራይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ። ወሩ ሲያልቅ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ እሱ ይቆምና ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው ያነባል። «እገሊት፣ ሦስት ብር፣ ተከፍሏል።» ሴትዮዋ «አልከፈልኩም፣ ልጄ ታሞብኛል» ብላ እዚያው ትነሳለች፤ ሕዝቡ ይመክርና ይተውላታል። ሰፈሩ ውስጥ ቦኖ ለማስገባት ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል ይላል፤ የየትኛው ጎጆ ደጃፍ ላይ ይቆም የሚለው ነበር ጠቡ። አሰልቺ ነው፤ ጋሼ ራሱ «እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር» ይላል። ግን መዝገቡ ይነበብ ነበር። ከእድር የመጣ ልማድ ነው፤ ሰዎቹም አብዛኞቹ የእድር ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ 1969 መጣ። በመስከረም የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌውን በከፍተኛ ሥር፣ ከፍተኛውን በማዕከላዊ ሥር አደራጀው። ለፍርድ ሸንጎው ከቤት ጉዳይ አልፎ ቀላል ወንጀል ሰጠው፤ ለቀበሌውም የጥበቃ ኃይል ፈቀደለት። አብዮት ጥበቃ የምንለው ነው። አዲስ አበባ ብቻ 25 ከፍተኛና ከ280 በላይ ቀበሌ ነበራት፤ እያንዳንዱ መዝገብ ያለው፣ አሁን ደግሞ ጠመንጃም ያለው። ጊዜው ኢሕአፓና መኢሶን በየሰፈሩ የሚታገሉበት፣ ደርግ ከሁለቱም በላይ ሆኖ የሚመታበት ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበሮች በጥይት ተገደሉ፤ የቀበሌ ሊቀመንበሮችም ገደሉ። በዚያ ዓመት መጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ፣ ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ የትኛው ልጅ ተማሪ እንደሆነ የሚያውቀው ማነው? መዝገቡ ነዋ። ለሦስት ብር ኪራይ የተጻፈ ስም ለሌላ ነገር ተነበበ።

ብዙ ሰው ነገሩ የተበላሸው ጠመንጃው ሲገባ ነው ይላል። እኔ ግን ከጠመንጃው ትንሽ ቀደም ያለ ነገር አያለሁ። የወሩ ስብሰባ ቀርቶ አልነበረም፤ እንዲያውም በዝቶ ነበር። መዝገቡ ግን ለሕዝቡ መነበቡ ቀረ። ጸሐፊው ሪፖርቱን የሚጽፈው ለከፍተኛው ሆነ። ስብሰባ ላይ የሚነበበው ከላይ የመጣ ሰርኩላር ሆነ። ጋሼ ሥራውን የለቀቀው ያን ጊዜ ነው፤ «ዓይኔን አሞኛል» ብሎ መነጽር አድርጎ ሄደ። ዕድሜ ልኩን ከዚያ በኋላ መነጽር አላደረገም።

ይህን ያልኩት ቀበሌን ጨርሶ ለማጥላላት አይደለም። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያልተማረውን እየመዘገበ፣ ክፍል እየፈለገ፣ ሰሌዳና ጠመኔ እያቀረበ ሥራውን የተሸከመው ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዩኔስኮ ለዚያ ሥራ ሽልማት ሰጥቷል። የብዙዎቻችን አያቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ነው። አስተማሪ ሆኜ ይህን ብክድ ነውር ነው። የቀበሌ ሱቅም ገበያ ላይ ስኳር በጠፋበት ዘመን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በካርድ ይደርስ ነበር። ሆኖም ካርዱን የሚሰጠው ያው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስብሰባ የቀረ ሰው ካርዱ ይያዝበታል። መታወቂያው፣ መሸኛው፣ ለሥራ የሚጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ማኅተም። ማኅተሙን የያዘው ሰው ምሳ ከወጣ ከተማው ቆሞ ይጠብቃል።

ኪራዩስ? ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆመ። ለተከራዩ ደስ ይላል፤ ለጣሪያው ግን አይደለም። በሦስትና በአምስት ብር የሚታደስ ቆርቆሮ የለም። የቀበሌ ቤት ግድግዳው ያጋደለ፣ ሽንት ቤቱ የሞላ ሆኖ የቀረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነዋሪው ተሰብስቦ «አንድ ብር እንጨምርና ጣሪያውን እንሥራ» እንዳይል፣ ውሳኔው የእሱ አልነበረም። ከ1983 በኋላም መንግሥት ተለወጠ እንጂ ቀበሌው እዚያው ነበር፤ በአንዳንድ ከተማ ጠረጴዛው ሳይቀር ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ካኩማ። ካምፑ ከተከፈተበት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እዚህም ብሎክ አለ፣ ዞን አለ፣ ሊቀመንበር አለ። ቧንቧው ሲሰበር፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው የብሎኩ ሊደር ነው። ያለ ደመወዝ ሌሊት የሚነሱ ሰዎች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ለአንዲት ፊርማ ሳምንት ያስመላለሱኝም አሉ። ስም አልጠራም፤ የሚያነብ ራሱን ያውቀዋል።

አሁን የሚመጣው ቦርድ ነው። የኬንያ የከተሞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሙኒሲፓሊቲ ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ ይኖረዋል፤ የዕለት ሥራውን የሚሠራው ሥራ አስኪያጅ ነው። ገበያ፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ የውስጥ መንገድ፣ የንግድ ቦታ፣ እነዚህን የመሰሉ ናቸው ጉዳዮቹ። የቦርድ አባል ለመሆን የኬንያ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ አንደኛው ነገር ግልጽ ይሁን፦ እኛ እዚያ ወንበር ላይ አንቀመጥም። በ1937ቱ ማዘጋጃ ቤት የጠላ ሻጯ ቦታ ነው ያለን። «ተወካይ ልሁናችሁ» ብሎ ከአሁኑ ፊርማ የሚሰበስብ ካለ ሕጉን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ግን አንቀጽ 22ን አንብቡ። ርዕሱ የዜጎች መድረክ ይላል። ውስጡ ስትገቡ ግን የሚናገረው ስለ ነዋሪ ነው፦ የከተማው ነዋሪዎች ስለ አገልግሎት አሰጣጥ፣ ስለ ዓመቱ በጀት፣ ስለ ልማት ዕቅዱ ተወያይተው ሐሳብ ማቅረብ ይችላሉ ይላል። ርዕሱ ዜጋ፣ አንቀጹ ነዋሪ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ከ1992 ጀምሮ እዚህ አፈር ላይ እንጀራ እየጋገረ የሚሸጥ ሰው ነዋሪ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ይህን ቃል አጥብቀን መያዝ ያለብን አሁን ነው፣ መተዳደሪያ ደንቦቹ ሳይጻፉ።

መድረኩ ላይ የምንጠይቀው ደግሞ «ሊቀመንበሩ ማነው፣ ከየትኛው ብሔረሰብ ነው» መሆን የለበትም። በዚህ ስንጣላ ነው ጊዜው የሚያልፈው። እኔ ብሄድ የምጠይቀው ይህን ነው። የገበያው ቦታ ኪራይ መዝገብ የት ይቀመጣል? በወር አንዴ በምንሰማው ቋንቋ ይነበብልናል ወይ? ከገበያችን የተሰበሰበው ሽልንግ ስንቱ ወደ ገበያችን ጽዳት ተመለሰ? ደግሞም ስማችን ለኪራይ ብሎ የተጻፈበት ወረቀት ከኪራይ ሌላ ለማን ይተላለፋል? የመጨረሻው ጥያቄ የኬንያ ሹም ግራ ሊገባው ይችላል። እናንተ ግን ለምን እንደምጠይቅ ታውቃላችሁ።

የእድራችን ጸሐፊዎች እዚህ ካኩማ ከአንድም ሁለት ሦስት አሉ፤ መዝገብ መያዝ ያውቃሉ። የመጀመሪያው የነዋሪ መድረክ ሲጠራ እነሱ ከፊት ቢቀመጡ እመርጣለሁ።

እናንተ አሜሪካም፣ እስራኤልም፣ አረብ አገርም ያላችሁ ዘመዶች፣ አባቶቻችሁ ወይም እናቶቻችሁ በ1967 እና 68 በትንሽ ከተማ ቀበሌ ኮሚቴ ውስጥ ሠርተው ከሆነ ጠይቁልኝ። ፖለቲካውን አይደለም የምፈልገው። ኪራዩ እንዴት ይሰበሰብ ነበር፣ ደረሰኝ ነበረው ወይ፣ ያልከፈለ ሰው ምን ይደረግ ነበር፣ መዝገቡ ሕዝብ ፊት መነበቡ መቼ ቀረ። ከታች ጻፉልኝ፤ ለተማሪዎቼ ወደ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እያዞርኩ አስተምርበታለሁ። ያ ልጅ አሁንም መልሱን እየጠበቀ ነው።