ሰባ በመቶ ምን ይለካል?

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ከሰን ኦይል ኩባንያ ጋር ሆኖ በፔንሲልቫኒያ፣ ማርከስ ሁክ ማጣሪያ ትልቅ የስንጠቃ ክፍል ሥራ ሲያስጀምር፣ ከባዱን ዘይት ወደ ቤንዚን የለወጠበት ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥነው ቁስ) በአሲድ የታከመ ሸክላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አምራቹም ገዢውም የትኛው ካታሊስት እንደሚሻል አስቀድሞ የሚነግር የቤተ ሙከራ ፈተና አስፈለጋቸው። በፈተናው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የልወጣ መቶኛም፣ ማለትም ከዘይቱ የተለወጠው ድርሻ፣ የካታሊስቱ ባሕርይ ተደርጎ መነበብ ጀመረ። እኔ ግን ቁጥሩ ካታሊስቱን ያህል ፈተናውንም ይገልጻል እላለሁ።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የዚዮላይት፣ ማለትም ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ክሪስታል፣ መምጣት ነው። የሞቢል ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ፕላንክና ኤድዋርድ ሮዚንስኪ የሠሩት የዚዮላይት ካታሊስት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ገባ፤ በ1966 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ሰዎች አንዳንድ ዚዮላይቶች ከቀድሞው የሲሊካ-አሉሚና ካታሊስት በ10,000 እጥፍና ከዚያም በላይ ንቁ መሆናቸውን ዘገቡ። የማጣሪያዎቹ ቤንዚን ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። የቀድሞዎቹ ፈተናዎች ለዝግተኛ ካታሊስት የተቀረጹ ስለነበሩ ዘይቱን ለደቂቃዎች ያፈሱ ነበር። ኮክ የሚባለው ጥቁር ካርቦን ግን ካታሊስቱን በፍጥነት የሚሸፍነው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ ስለዚህ የተለካው የትኩሱና የደከመው አማካይ ነበር። በኋላ የተለመደው መለኪያ 4 ግራም ካታሊስት፣ 75 ሰከንድና 482 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆነ። በማጣሪያው ቀጥ ያለ ቧንቧ ውስጥ ግን ዘይቱ ከካታሊስቱ ጋር የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ታዲያ ፈተናው ለምን አይጣልም የሚል ይኖራል። አይጣልም፤ ማጣሪያው ውስጥ በመቶዎች ቶን የሚቆጠር፣ ዕድሜው የተደበላለቀ ካታሊስት ይዞራል፣ የሚገባውም ዘይት ይለዋወጣል። እዚያ የለውጡን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ከባድ ነው። በእንፋሎት ያረጀን ናሙና ከታወቀ ማነጻጸሪያ ጎን ለጎን መፈተን ቢያንስ ደረጃቸውን ያሳያል። ደረጃው ግን ርቀቱን አይናገርም። በቀላሉ የሚሰነጠቀው የዘይቱ ክፍል ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ባለሙያዎች የተለወጠውን ላልተለወጠው ያካፍላሉ፤ 70 በመቶ 2.3 ይሆናል፣ 80 በመቶ ደግሞ 4። አሥር ነጥብ የምትመስለው ልዩነት ወደ 1.7 እጥፍ የሚጠጋ ናት ማለት ነው። የቤንዚንና የኮክ መጠንም በእኩል ልወጣ ካልተነጻጸረ አንዱን ካታሊስት ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል። ከሁሉም በላይ አሳሳች ሆኖ የማገኘው ኮኩን ነው። የቤተ ሙከራውን ምድጃ የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማጣሪያው ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ኮኩን አቃጥሎ ነው። በፈተና ትንሽ ኮክ ያሳየ ካታሊስት ማጣሪያ ሲገባ ኮኩ የሚቃጠልበትን ክፍል ያቀዘቅዛል፤ አስፈላጊውን ሙቀት ለማድረስም ብዙ ካታሊስት መዞር ይጀምራል፣ ልወጣውም ወረቀቱ ካስቀመጠው በላይ ይወጣል።