ሚኒስትር ያልሆነው የፀሐይ ሰው

መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው፤ ሻማ እንለኩሳለን፣ ያጠፋብንን እናማለን፣ እንተኛለን። «ለመሆኑ ኤሌክትሪክ የማን ነው? ማንስ ያመንጨው?» ብለን ግን አንጠይቅም። ይህን ሲጠይቅ የኖረ አንድ ጀርመናዊ ነበር፤ ኸርማን ሼር።

ሼር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1980 በሶሻል ዴሞክራቶቹ በኩል ፓርላማ ገባ፤ በ2010 እስኪሞት ድረስም ከዚያ አልወጣም። በ1988 ዩሮሶላር የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት፣ የፀሐይ ኃይል ለብዙ ፖለቲከኞች የሳተላይትና የካልኩሌተር ጉዳይ ነበር።

ትልቁ ሥራው በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ነው። ከአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ሃንስ ዮሴፍ ፌል ጋር ሆኖ ነው የገፋው። የሕጉ ሐሳብ ሲበዛ ቀላል ነው። ጣሪያው ላይ ፓኔል የሰቀለ ገበሬም ሆነ አስተማሪ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ይሸጣል፤ የመስመሩ ባለቤት አልገዛም ማለት አይችልም፤ ዋጋው ለ20 ዓመት የተቆረጠ ነው። ወጪው ደግሞ በተጠቃሚው ሁሉ የመብራት ሂሳብ ላይ ይደለደላል።

ትላልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሕጉን አልወደዱትም። በገዛ ፓርቲው ውስጥም ለከሰል የሚከራከሩ አልጠፉም። ሼር በበኩሉ በዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ጉባኤዎች ላይ ብዙ እምነት አልነበረውም፤ ሁሉም አገር እስኪስማማ ከመጠበቅ አንዱ ይጀምር ባይ ነበር።

በ2008 በሄሰን ክልል ሚኒስትር ለመሆን ጫፍ ደርሶ ነበር። ሆኖም አራት የራሱ ፓርቲ እንደራሴዎች አዲሱን መንግሥት አንደግፍም አሉና ቀረ። ሹመቱ ባለፈ በወራት ውስጥ፣ በጥር 2009፣ ለዓመታት ሲወተውትለት የቆየው ዓለም አቀፍ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ ቦን ላይ ተመሠረተ።

ነገሩ ሁሉ ማር ነበር አንልም። የራሱ ጣሪያ የሌለው ተከራይ ጣሪያ ላለው ሲከፍል ኖሯል፤ ይህ ጭማሪ ከሂሳቡ ላይ የተነሳው በ2022 ነው። ብዙ የጀርመን ፓኔል ፋብሪካዎችም በቻይና ተሸንፈው ተዘግተዋል።

ግን በ2000 ከጀርመን ኤሌክትሪክ 6 በመቶ ገደማ የነበረው የታዳሽ ኃይል ድርሻ በ2023 ከግማሽ በላይ ሆኗል። ያ ገበያ ፋብሪካዎች በብዛት እንዲያመርቱ ስላደረገ የፓኔል ዋጋ በዓለም ዙሪያ ወርዷል። መስመር ያልደረሰበት የገጠር ቤት ዛሬ በትንሽ ፓኔል አምፖል ሲያበራና ሞባይል ሲሞላ፣ የጀርመን ተከራይ ከከፈለው ላይ ጥቂት ደርሶታል ማለት ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሻማ ስንለኩስ ከሐሜቱ ጎን የሼርንም ጥያቄ እናንሳ። እሱ መልሱን የጻፈው ሚኒስትር ሆኖ አይደለም፤ ከተራ የፓርላማ ወንበር ላይ ነው።